ኑዛዜን መለወጥ፦ በሸሪዓ የጸና፣ በፍርድ ቤትም የሚቆም ለውጥ

መግቢያ

ሰው በሕይወት ሳለ ከሞቱ በኋላ እንዲፈጸምለት የሚናገረው ወይም የሚጽፈው ቃል ኑዛዜ ወይም ወሲያ ይባላል። በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ኢማሞችና የመድረሳ መምህራን ለኑዛዜ ምስክርነት መጠራታቸው የቆየ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ኑዛዜ ሲሰጥ ነገሩ ቀላል ነው፤ ተናዛዡ ጤነኛ ነው፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ወረቀት ይጻፋል፣ ዱዓ ተደርጎ ይቋጫል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ዓመታት ያልፋሉ፤ ልጅ ይወለዳል፣ ሌላው ይሞታል፣ ከብቱ ይሸጣል፣ የተናዛዡም ሐሳብ ይለወጣል። ያን ጊዜ በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ በተገኘበት፣ «ያንን ትቼዋለሁ፤ እንዲህ ይሁን» ይላል። ከቀብር በኋላ ግማሹ ቤተሰብ ወረቀቱን፣ ግማሹ የመጨረሻውን ቃል ይዞ ይቆማል፤ የአንድ እናት ልጆችም ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ይደርሳሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ዋና ነገር አንድ ነው። ተናዛዡ ኑዛዜውን ለመለወጥ ያለው መብት በዑለሞች ዘንድ የሚያከራክር አይደለም፤ የሚያከራክረው መለወጡ በምን እንደሚታወቅ ነው። ስለዚህ በሸሪዓ ትክክል የሆነ ለውጥ በሀገሪቱ ሕግ በታወቀ ቅርጽ ካልተቀመጠ፣ የሟቹ እውነተኛ ፈቃድ ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል። ይህን ክፍተት ለመዝጋት ከሁሉ የቀረበው ሰው ደግሞ ለምስክርነት የሚጠራው ኢማም ነው።

የመለወጥ መብት የማን ነው?

በቁርኣን ምዕራፍ አል-በቀራ ከአንቀጽ 180 እስከ 182 ስለ ኑዛዜ ተደንግጓል። አንቀጽ 181 ኑዛዜን ከሰማ በኋላ የሚለውጥ ሰው ኃጢአቱን ራሱ እንደሚሸከም ያስጠነቅቃል። ይህን አንቀጽ አንዳንዶች ተናዛዡ ራሱ ቃሉን እንዳይለውጥ መከልከያ አድርገው ይጠቅሱታል። አረዳዱ ትክክል አይደለም። አንቀጹ የሚናገረው ኑዛዜውን ስለ ሰሙ ሰዎች ነው፤ እነርሱም ምስክሮቹ፣ ጸሐፊው፣ አስፈጻሚው (ወሲይ) እና ወራሾቹ ናቸው። የቃሉ ባለቤት በሕይወት እስካለ ድረስ በቃሉ ላይ ጌታ ነው። ማስጠንቀቂያው የተሰጠው የእርሱን የመጨረሻ ፈቃድ ሌላ ሰው እንዳያዛባው ነው። እንዲያውም ተናዛዡ የለወጠውን ሰምቶ የቀድሞውን ብቻ የሚመሰክር ሰው ከማስጠንቀቂያው በታች ይወድቃል።

የፊቅህ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወሲያ ተጠቃሚው ንብረቱን የሚያገኝበት ከሞት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ተጠቃሚው የጸና መብት የለውም። ስለዚህ ተናዛዡ ለመመለስ (ለሩጁዕ) የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለተጠቃሚው የማሳወቅ ግዴታም የለበትም። በወሎ ሐሪማዎች ጎን ለጎን ሲቀሩ የኖሩት የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች በዚህ ይስማማሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ ኑዛዜ የተናዛዡ የግል ተግባር መሆኑን በአንቀጽ 857 ይደነግጋል፤ ኑዛዜን ላለመሻር የሚገባ ቃልም አያስረውም። ስለዚህ «አባታችን አልለውጥም ብሎ ምሎልናል» የሚል ክርክር በሁለቱም በኩል መሠረት የለውም።

ለውጡ በምን ይፈጸማል?

ፉቀሃዎች የለውጥን መንገድ በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ቃል ነው። «ሽሬዋለሁ»፣ «ትቼዋለሁ»፣ «ለእገሌ የተናዘዝሁት ለወራሾቼ ይሁን» የሚል ቃል በግልጽ ይሽራል። ሁለተኛው ድርጊት ነው። ተናዛዡ የተናዘዘበትን ነገር ቢሸጠው፣ ቢሰጠው ወይም ስሙና መልኩ እስኪለወጥ ቢያደርገው ከኑዛዜው እንደተመለሰ ይቆጠራል። በኢማሙ ነወዊ ሚንሃጅ እንደተቀመጠው፣ የተናዘዙበትን እህል ማስፈጨት ወይም በባዶ ቦታ ላይ ቤት መሥራትና ዛፍ መትከል መመለስ ነው። ለምሳሌ አንድ የመርሳ ሰው ባዶ ቦታውን ለእህቱ ልጅ ተናዞ ኋላ ማንጎ ቢተክልበት፣ በሻፊዒዮች ዘንድ ተመልሷል፤ ማሽላ ዘርቶ ቢያጭድበት ግን አልተመለሰም፤ ዘር የአንድ ወቅት ሥራ ነውና። በሐነፊዮችም ቤት መሥራት መመለስ ነው።

መምህራን ልዩ ትኩረት ሊሰጡት የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ሰው አንዲት ጊደር ለከድር ተናዞ፣ ከዓመት በኋላ ያቺኑ ጊደር የቀድሞውን ሳያነሣ ለሰዒድ ቢናዘዝ ምን ይሆናል? በሁለቱም መዝሀቦች ይህ ብቻውን መመለስ አይደለም፤ ሁለቱ ይካፈሏታል። «ለከድር የተናዘዝኋት ጊደር ለሰዒድ ትሁን» ካለ ግን የከድር መብት ተሽሯል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ብዙ ኑዛዜዎች ሲገኙ አብረው ሊፈጸሙ የሚችሉትን ሁሉ ያስፈጽማል፤ አብረው ሊፈጸሙ ካልቻሉ የኋለኛው እንዲበልጥ ያደርጋል። እንግዲህ አንድ ቃል በሸሪዓ ፍርድ ቤት ጊደሪቱን ሊያካፍል፣ በመደበኛው ፍርድ ቤት ደግሞ ለሰዒድ ብቻ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። መድኃኒቱ የቀድሞውን በስም ጠርቶ መሻር ነው።

መካድም አከራካሪ ነው። ተናዛዡ «እኔ እንዲህ ያለ ኑዛዜ አላደረግሁም» ቢል፣ ከኢማም አቡ ሐኒፋ ተማሪዎች አቡ ዩሱፍ እንደ መመለስ ሲቆጥሩት ሙሐመድ ግን አይቆጥሩትም። በቁጣ የተነገረ ክህደት የቤተሰብ ጠብ እንዳይሆን፣ ኢማሙ ተናዛዡ ሲረጋጋ ፈቃዱን በግልጽ ቃል እንዲያጸና ሊጠይቀው ይገባል።

ለውጥ የማይነካቸው ነገሮች

ተናዛዡ ነፃ ነው ማለት በኑዛዜ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ሁሉ መሰረዝ ይችላል ማለት አይደለም። በሀገራችን አንድ ወረቀት ብዙ ነገር ይይዛል፦ ኑዛዜ፣ የእዳ እምነት፣ የአደራ ዕቃ ዝርዝር፣ በሕይወት ሳለ የተሰጠ ስጦታ። እነዚህ በሸሪዓ ሚዛን አንድ አይደሉም።

የእዳና የአደራ እምነት (ኢቅራር) የሰው ሐቅ ነው፤ ከተነገረ በኋላ አይመለስም። «ለእገሌ 40,000 ብር አለብኝ» ብሎ ያስጻፈ ሰው ኑዛዜውን ቢሽር እዳው አይሻርም። በምዕራፍ አን-ኒሳእ አንቀጽ 11 እና 12 ውርስ የሚከፈለው ከእዳና ከኑዛዜ በኋላ መሆኑ ተደንግጓል፤ በአፈጻጸምም እዳ ከኑዛዜ ይቀድማል። ስለዚህ አሮጌው ወረቀት ከመቀደዱ በፊት በውስጡ ያለው የእዳ እምነት ወደ አዲሱ መገልበጥ አለበት። ይህ ሲዘነጋ ባለ እዳው ማስረጃውን ያጣል፤ ሟቹም እዳውን ተሸክሞ ይሄዳል።

ተናዛዡ በሕይወት ሳለ ሰጥቶ ያስረከበው ስጦታም በኑዛዜ ለውጥ አይነካም፤ ንብረቱ ከእጁ ወጥቷልና። በሻፊዒዮች ዘንድ በሕይወት ሳለ የጸና ወቅፍም እንዲሁ ነው። «ከሞትሁ በኋላ ወቅፍ ይሁን» የተባለው ግን እንደ ወሲያ ስለሚታይ መመለስ ይቻልበታል።

ለውጡ ራሱም ከሁለት ድንበር አያልፍም። የመጀመሪያው ሲሶ ነው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ሀብታቸውን ለመናዘዝ በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሲሶ እንዳያልፉ፣ ሲሶውም ብዙ እንደሆነ መክረዋቸዋል። በተግባር ስሕተቱ የሚፈጠረው አሮጌውን ሳይቀንሱ አዲስ ሲጨምሩ ነው። ከእዳ በኋላ 900,000 ብር የሚተው ሰው ለአንዱ 180,000፣ ለሌላው 120,000 ብር ተናዞ ሲሶውን 300,000 ሞልቶ ነበር እንበል። ከዓመታት በኋላ ለሦስተኛ ሰው 150,000 ብር ቢጨምር ድምሩ 450,000 ይሆናል። ወራሾቹ ትርፉን ካልፈቀዱ እያንዳንዱ ከተባለለት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ያገኛል፦ 120,000፣ 80,000 እና 100,000 ብር። ተናዛዡ አንዱን ሊጠቅም አስቦ ሁሉንም ቀነሰባቸው።

ሁለተኛው ድንበር ወራሽ ነው። ለወራሽ የሚደረግ ኑዛዜ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱት አይፈጸምም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይስተዋሉ። አንደኛ፣ ፈቃዱ የሚጸናው ከሞት በኋላ ነው። በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ አባት በሕይወት ሳለ ልጆቹን ሰብስቦ «ተስማምተናል» ማሰኘቱ አያስራቸውም። ሁለተኛ፣ ወራሽነት የሚለካው በሞት ቀን እንጂ ኑዛዜው በተጻፈበት ቀን አይደለም። ወንድ ልጅ ያለው ሰው ለወንድሙ ቢናዘዝ ወንድሙ ወራሽ ስላልሆነ ኑዛዜው ትክክል ነው፤ ልጁ ከአባቱ ቀድሞ ቢሞትና ወንድሙ ወራሽ ቢሆን ግን ያው ኑዛዜ የሌሎችን ፈቃድ ይጠብቃል። ሞት፣ ልደት፣ ጋብቻና ፍቺ በቤት በገቡ ቁጥር ኑዛዜን መልሶ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ድንበሮች ለማምለጥ በሞት ሕመም (መረዱል መውት) ላይ ሳሉ ለአንድ ወራሽ ስጦታ መስጠት መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲህ ያለው ስጦታ በኑዛዜ ሕግ ይገዛልና። ለወራሽ የሌለ እዳ አለብኝ ማለትም ሐሰት ነው፤ ሐነፊዮች በዚህ ሕመም ላይ ለወራሽ የሚደረግን የእዳ እምነት ሌሎቹ ወራሾች ካላጸደቁት አይቀበሉም። አን-ኒሳእ አንቀጽ 12 በኑዛዜ ወራሾችን መጉዳት እንደማይገባ አስጠንቅቋል፤ ማስጠንቀቂያው ለመጀመሪያው ኑዛዜም ለለውጡም ነው።

ጉዳዩ ወደየትኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ በር ከፍቷል። በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሟቹ ሙስሊም ሲሆን የኑዛዜና የውርስ ጉዳይ ይመለከታሉ፤ ሆኖም ተከራካሪዎቹ በግልጽ መፍቀድ አለባቸው። ይህ ፈቃድ ለይስሙላ የተቀመጠ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአዲስ አበባ በተነሣ አንድ የውርስ ጉዳይ፣ አንደኛዋ ወገን ሳትፈቅድ በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን እንደሚቃረን ወስኗል።

ከዚህ ለወልድያና ለሀብሩ ኢማም የሚተርፈው ትምህርት ቀጥተኛ ነው። ከወራሾቹ አንዱ እንኳ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትን ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚያ ዳኛው የሚጠይቀው ለውጡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቅርጽ ተደርጓል ወይ የሚለውን ነው። ተናዛዡ ልጆቹ ወደየት እንደሚሄዱ አስቀድሞ ማወቅ አይችልም፤ ስለዚህ ለውጡ በሁለቱም ፊት እንዲቆም ሆኖ መደረግ አለበት።

ሕጉ የሚያውቃቸው የኑዛዜ ቅርጾች ሦስት ናቸው (አንቀጽ 880)፦ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈውና የቃል ኑዛዜ። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ካልተገለጸ፣ ሁሉም ወዲያውኑ ካልፈረሙ ወይም የጣት አሻራ ካላኖሩ ዋጋ የለውም (አንቀጽ 881)። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። በሸሪዓ ሁለት ዐዲል ምስክሮች ይበቃሉና ኢማሙ ሁለት ሰው ብቻ ቢያስቀምጥ በዲኑ አላጎደለም፤ በመደበኛው ፍርድ ቤት ግን ጽሑፉ ሊወድቅ ይችላል። አራት ማስቀመጥ ሁለቱንም ያሟላል።

የቃል ኑዛዜ ከሁሉ በላይ ያሳስባል፤ የአልጋ ላይ ለውጥ የሚገባው እዚህ ነውና። ሞቱ መቅረቡን ያወቀ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ይህ ኑዛዜ ወሰኑ ጠባብ ነው። ስለ ቀብር ሥርዓት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች፣ ስለ ልጆች ሞግዚትና አሳዳሪ ብቻ ይጸናል። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከቆየም ቃሉ ይወድቃል። ስለዚህ በአልጋ ላይ በቃል ብቻ የተለወጠ የቤት ኑዛዜ በመደበኛው ፍርድ ቤት አይቆምም። የመሻር ቃልም ኑዛዜ በሚደረግበት ቅርጽ መሰጠት እንዳለበት አንቀጽ 898 ያዛል።

ሁለት ጥንቃቄዎች እንጨምራለን። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት የሚናዘዙት ኑዛዜ በሕጉ ፈራሽ ነው (አንቀጽ 858)፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፉ። ኢማሞችን የሚመለከተው ሁለተኛው ነው፦ ከሞት በፊት ባሉት ስድስት ወራት ተናዛዡን በሕክምና ወይም በመንፈሳዊ ነገር ለረዳ ሰው የተደረገ ስጦታ በፍርድ ቤት ሊቀነስ ወይም ሊሻር ይችላል። ለምስክርና በኑዛዜው አሠራር ለተካፈለ ሰው የተደረገም እንዲሁ ነው። የሚያስቀራ፣ የሚያጽናናና የሚጽፍ ኢማም ስሙ በተጠቃሚነት እንዲገባ ባይፈቅድ ለራሱም ለተናዛዡም ይበጃል።

ወረቀት ሲጠፋ፣ ድምፅ ሲቀር፣ መሬት ሲሆን

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በነበረው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ ወጥቷል፤ ከቤት ዕቃ ጋር ሰነድም ለጥፋት የተጋለጠበት ጊዜ ነበር። በፊቅህ የወረቀት መጥፋት መሻር አይደለም፤ ይዘቱን የሚያውቁ ዐዲል ምስክሮች ካሉ ኑዛዜው ይጸናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን የጽሑፍ ኑዛዜ የሚረጋገጠው በዋናው ወይም ያስቀመጠው ሬጅስትራር ባረጋገጠው ግልባጭ ነው ይላል፤ የምስክር ቃል አይተካውም። ኑዛዜው የጠፋበት ሰው በሕይወት ካለ እንደ አዲስ ይጻፍ። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜም በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ሳይቀመጥ ሰባት ዓመት ካለፈው እንደሚወድቅ ይታወስ።

ልጆቻቸው በዐረብ ሀገር ያሉ ወላጆች ለውጣቸውን በስልክ ድምፅ ቀድተው ይልካሉ። ሕጉ ከሚያውቃቸው ሦስት ቅርጾች ውስጥ የተቀዳ ድምፅ የለም። በዲን በኩል ግን ድምፁ የአባታቸው እንደሆነና ፈቃዱ ይህ እንደነበረ ያመኑ ወራሾች፣ በሲሶው ወሰን ውስጥ ላለው ለውጥ በእምነታቸው ይያዛሉ፤ ፍርድ ቤት ባያስገድዳቸውም በአላህ ፊት ተጠያቂ ናቸው። ኢማሙ ይህን ሊያስረዳቸውና በስምምነት እንዲፈጽሙት ሊረዳቸው ይገባል። የአል-በቀራ አንቀጽ 182 የማስታረቅ መንገድ ለዚህ ይጠቅማል።

የገጠር መሬት ለብቻው ይታይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የሚናዘዘው የይዞታና የመጠቀም መብቱን ነው። በመጠቀሚያ (መንፈዓ) መናዘዝን ሁለቱ መዝሀቦች ይፈቅዳሉ። ሆኖም መብቱ እንዴት እንደሚተላለፍ በክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ስለሚገዛ፣ የመሬት ኑዛዜ ከመለወጡ በፊት የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለበት።

ለኢማሞችና ለመምህራን የምንመክረው

ለመለወጥ የፈለገ ሰው ሲጠራችሁ በመጀመሪያ አሮጌውን ወረቀት አስመጡ፤ እዳውን ከኑዛዜው ለዩ። ሀብቱን ከእዳ በኋላ ገምታችሁ ሲሶውን አስሉ፤ ወራሾቹን ቁጠሩ። በጠርዝ ላይ አትጨምሩ፣ መስመርም አትሰርዙ፤ ሙሉውን እንደ አዲስ አስጽፉ። መክፈቻው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እኔ (ሙሉ ስም) አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በ(ቀን፣ ወርና ዓመት) ያደረግሁትን ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ ሽሬ ይህን የመጨረሻ ኑዛዜዬን አድርጌአለሁ።» መዝጊያውም ጽሑፉ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበቡን ከነቀኑ ይግለጽ። ምስክሮቹ ከተጠቃሚዎችና ከወራሾች ውጭ የሆኑ፣ የጽሑፉን ቋንቋ የሚያውቁ ይሁኑ። ከዚያ ዋናው በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ይቀመጥ።

ሕመምተኛው መጻፍ ካልቻለ እናንተ እርሱ እንደነገራችሁ ጻፉ፤ ያነሰም የበዛም ቃል አታስገቡ፤ አሻራውን ያኑር። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሚጠበው ሕመም እስኪጸና ሲጠበቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። የተለወጠ ፈቃድም እንደዚሁ ነው። የኑዛዜን ባብ ስታስቀሩ ለደረሶቻችሁ የመመለስን ምዕራፍ ከምስክርነቱና ከአጻጻፉ ጋር አያይዛችሁ አስተምሩ፤ በጁሙዓ ኹጥባም ለጤነኛው ሰው ንገሩት። ጤነኛ ሳለ በአራት ሰው ፊት ቃሉን ያደሰ አባት ለልጆቹ የሚከራከሩበት ምክንያት አይተውም።